ጋሽ ማንዋልና የጥርስ ሐኪሟ ስፖርት መኪና

አዲስ መኪና የገዛ ሰው መኪና ብቻ የገዛ ይመስለዋል። የለም፤ ከመኪናው ጋር አንድ መካሪ ተመርቆለታል። መካሪ የሌለበት ሕንፃ በዚህ ዓለም ላይ አልተሠራም። መካሪው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጋደም ባለበት አዲስ ጎማ ግቢው ውስጥ ሲገባ ይሰማዋል፤ ሰምቶም አይተኛም። ማንም ሳይጠራው ይወርዳል፤ ማንም ሳያሰናብተው አይመለስም። የተገዛው ተራ መኪና ከሆነ ምክሩ በሳምንት ያልቃል። ስፖርት መኪና ከሆነ ግን፣ ያውም ስፔሻል ኤዲሽን የሚባለው፣ ፋብሪካው ጥቂት ብቻ ሠርቶ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር የቀረጸበት ዓይነት ከሆነ፣ ባለቤቱ ዕድሜ ልኩን ተማሪ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

የጥርስ ሐኪሟ ይህን አታውቅም ነበር። ሃያ አራት ዓመት የሰው አፍ ውስጥ ስታይ ኖራ፣ አንድ ልጇን ድራ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ አንድ ጠዋት መስታወት ፊት ቆመችና «አሁን ደግሞ ለራሴ» አለች። «ለራሴ» ያለችው ጥቁር ሰማያዊ፣ ሁለት በር ያለው፣ ማርሹ በእጅ የሚቀየር፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው መኪና ነበር። ዳሽቦርዱ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ የብረት ሳህን «ከአምስት መቶ ሁለት መቶ አሥራ ሰባተኛው» ትላለች። ሐኪሟ መኪናውን የመኖሪያ ሕንፃዋ ግቢ ውስጥ አቁማ፣ ወርዳ፣ በሩን ዘጋች።

«በሩን እንደሱ አይዘጉትም፣ ዶክተር» አላት ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ጋሽ ማንዋል ነበሩ።

ስማቸው ሌላ ነው። ይህን ስም ያወጣላቸው የሕንፃው ጥበቃ ነው፤ ምክንያቱም ጋሽ ማንዋል «ማንዋሉ ምን ይላል?» ሳይሉ አፋቸውን አይከፍቱም፤ ጠይቀውም መልሱን ለሌላ ሰው አይተዉም። ከጡረታ በፊት ሠላሳ አንድ ዓመት የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ከኪሳቸው ለስላሳ ጨርቅ የማይለይ ሰው ናቸው። ጨርቁ ለየትኛው መኪና እንደተያዘ ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

በመጀመሪያው ቀን የመኪናውን መጽሐፍ ተዋሱ። በአራተኛው ቀን ሲመልሱት በቀን መቁጠሪያ ወረቀት ተለብጦ፣ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ ተሰምሮበት ነበር። ሐኪሟ ራሷ ከመጽሐፉ ያነበበችው ሬዲዮ እንዴት እንደሚከፈት ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ትምህርት ተጀመረ።

«መኪናው ሩዳጅ ላይ ነው። እስከ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሞተሩ ገና እየተላመደ ስለሆነ አያስጩኹት። ሕፃን ልጅ እንደሚያስተኙ ነው የሚነዱት።»

«በአንድ ባልዲ አይታጠብም። አንዱ ባልዲ ለሳሙናው ነው፤ አንዱ ለእድፉ። ሁለቱን ያቀላቀለ ሰው ቀለሙን በአሸዋ ፈተገው ማለት ነው።»

«ዛፍ ሥር? ዶክተር! የወፍ ኩስ እኮ አሲድ ነው!»

ለስብሰባ ወደ ሌላ ከተማ ሄዳ ሳለች በምሳ ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ልጇ አንድ ነገር የሆነች መስሏት ከአዳራሹ ሮጣ ወጣች። «ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? መኪናው እኮ አንድ ቦታ ከቆመ ሰባተኛ ቀኑ ነው። ጎማው በአንድ ጎኑ ይተኛል።» ሐኪሟ የዚያኑ ዕለት ቁጥራቸውን ስልኳ ላይ መዘገበች። የመዘገበችበት ስም «ማንዋል - አታንሺው» ይላል።

ከሁሉ የከፋው የበሩ ጉብታ ነበር። የግቢው መውጫ ላይ ለፍጥነት መቀነሻ የተሠራች አንዲት ጉብታ አለች። ዝቅ ያለ መኪና በቀጥታ ከወጣባት ሆዱን ትፍቀዋለች፤ በሰያፍ ነው የሚያልፋት። ክቡር ጋሽ ማንዋል በየማለዳው ከመኪናው ፊት ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን እንደ አውሮፕላን አስተናባሪ ዘርግተው ያሳልፏታል። «ወደ ግራ... ትንሽ... አሁንም ትንሽ... ቀኙን ይመልሱት... ቀስ... ይሂዱ!» ከኋላ የተሰለፉት ጎረቤቶች ክላክሳቸውን ይነፋሉ። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ክሊኒክ ውስጥ አፏን ይዛ ትጠብቃለች። ጋሽ ማንዋል ግን አይቸኩሉም፤ የመኪናው ሆድ መትረፉን ጎንበስ ብለው ሳያረጋግጡ መንገድ አይለቁም።

ሐኪሟ አምስት ወር ቻለች። በስድስተኛው ወር ከሌላ ከተማ ልጇ ልትጠይቃት መጣች፤ እናትና ልጅ ሽር ሊሉ አምረው ወረዱ። ጋሽ ማንዋል መኪናው አጠገብ ነበሩ። ልጅቷ በሩን ከፍታ አንድ እግሯን ልታስገባ ስትል፣ «የኔ ልጅ፣ ይሄ ተረከዝሽ ደፉን ይጭርብናል፤ ጫማሽን አውልቀሽ ብትይዢው» አሉ።

«ይጭርብናል?» አለች ሐኪሟ።

«እንግዲህ ቀለሙ...»

«ጋሽ፣ መኪናው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው እንጂ።»

«ለመሆኑ እርስዎ መኪና ኖሮዎት ያውቃል? አንድ ቀን እንኳ? ወይስ በሰው መኪና ብቻ ነው ሊቅ የሚሆኑት?»

ጥበቃው ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት ጀመረ። መኪናቸውን ሊያስነሱ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች ቁልፋቸውን እንደያዙ ቆሙ። ጋሽ ማንዋል ጨርቃቸውን አንዴ አጠፉት፤ ደግመው አጠፉትና ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ኖሮኝ አያውቅም» አሉ። ደረጃውን ቀስ ብለው ወጡ።

ቀጥሎ የመጣው ሳምንት ሰላም ነበር። ሐኪሟ በሩን እንዳሻት ዘጋች፤ ዛፍ ሥር አቆመች። በሦስተኛው ቀን ጉብታዋን በቀጥታ ወጣችባት፤ ከመኪናው ሥር የብረት ሳጥን ሲጎተት የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ቆማ ዙሪያውን አየች። ያያት ሰው አልነበረም፤ ያም ሆኖ ፊቷ ቀላ።

በዚያው ሳምንት አንድ ወፍራም ነጋዴ የሕክምና ወንበሯ ላይ ተንጋሎ ሳለ፣ እንደ ልማዷ በየማታው ጥርሱን በክር እንዲያጸዳ መከረችው። ምክሩን ለስንተኛ ጊዜ እንደነገረችው እሷም እሱም አያስታውሱም። ሰውየው መሣሪያው ከአፉ ሲወጣ ጠብቆ፣ «ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እርስዎ በየማታው ያደርጉታል?» አላት። ሐኪሟ ጓንቷን ማውለቅ ጀመረች።

ደረጃው ላይ ደግሞ የጋሽ ማንዋልን ባለቤት አገኘቻቸው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም።

«ዶክተር፣ ምን በደልኩዎት?» አሏት።

«እኔ? ምን አደረግኩ እትዬ?»

«ቤት ዋሉብኝ። ማቀዝቀዣው በስንት ጣት እንደሚዘጋ ይመክሩኛል። የልብስ ማጠቢያውን መጽሐፍ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አርባ ዓመት ያጠብኩትን ልብስ በስሕተት እንዳጠብኩ ነገሩኝ። ትናንት መጥረጊያውን ተቀብለው እንጨቱን መረመሩት።» የደረጃውን መደገፊያ ያዙ። «ቀን ይህን ይላሉ። ማለዳ ማለዳ ግን የእርስዎ መኪና ሲነሳ ከመስኮቱ ይሸሻሉ።»

ሐኪሟ ሄዳ ይቅርታ ልትጠይቅ አሰበች። ሐሳቧን ለነገ አለችው፤ ነገ ደግሞ በሽተኛ በዛባት።

በዕረፍት ቀኗ ከከተማ ወጣ ብላ በተራራው መንገድ ብቻዋን ስትነዳ መሪው ወደ ቀኝ ጎተታት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በራ። ዳር ይዛ ቆማ ወረደች። የኋላው ቀኝ ጎማ ላይ የምስማር ራስ ይታያል። ተቀያሪ ጎማ ፍለጋ የኋላውን ኮፈን ከፈተች፤ ጎማ የለም፤ ክሪክም የለም። መኪናውን የሸጠላት ድርጅት ጋ ደወለች፤ ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት በሥራ ቀን እንድትደውል በቴፕ ነገረቻት። መንገዱ ላይ የሚያልፍ የለም። የስልኳን ስሞች ወደ ታች ስታንሸራትት «ማንዋል - አታንሺው» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«አቤት፣ ዶክተር።»

«ጋሽ... ጎማ ተበሳብኝ። ተቀያሪ የሚባል ነገር የለውም።»

«የለውም፤ ክብደት ለመቀነስ አውጥተውታል። ከመንገዱ ወጥተዋል?»

«ወጥቻለሁ።»

«ምስማሩን ነቅለውታል?»

«ልነቅለው ነው።»

«አይንቀሉት! ቀዳዳውን የያዘው እሱ ነው።» ድምፃቸው ወዲያው ዝቅ አለ። «ኮፈኑ ውስጥ ምንጣፉን ያንሱት። በስተቀኝ ጥቁር ሣጥን አለ። ጠርሙስና ትንሽ ኮምፕሬሰር ያገኛሉ።»

አገኘች። አንድ በአንድ ነገሯት፤ ጠርሙሱን ኮምፕሬሰሩ ላይ አስገጥማ፣ ቱቦውን ጎማው ላይ አስራ፣ ገመዱን መኪናው ውስጥ ሰክታ፣ ፈሳሹን ከአየሩ ጋር አስገባች። ጎማው ቀስ በቀስ ቀና አለ። ከሰማንያ በላይ እንዳትነዳ፣ ጥቂት ሄዳ ቆማ አየሩን እንደገና እንድትለካ ነገሯት። የሚሉት ሲያልቅ «በሉ፣ በደህና ይግቡ» ብለው ዘጉ። «ብዬዎት ነበር» የሚለውን ቃል ስትጠብቅ ነበር፤ ሳይመጣ ቀረ።

ግቢው በር ላይ ስትደርስ ኮት ለብሰው ቆመዋል። ጎማውን አዩ፤ እሷን አላዩም። ጉብታዋ ፊት ለፊት እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ዳር ያዙ። ሐኪሟ መኪናውን አቁማ መስታወቱን ዝቅ አደረገች።

«ይግቡ፣ ጋሽ።»

«የት?»

«ጎማ ጠጋኝ ጋ ልሄድ ነው። ብቻዬን ያታልሉኛል።»

ጋሽ ማንዋል ሱሪያቸውን ከፊት ከኋላ አራገፉ። ጫማቸውን አውልቀው እርስ በርስ አጋጭተው አቧራውን አስለቀቁ፤ መልሰው አጠለቁት። ስድስት ወር ሙሉ የጠበቁት መኪና ውስጥ ሲገቡ ይህ የመጀመሪያቸው መሆኑን ሐኪሟ ያኔ ነው ልብ ያለችው።

«ያን ቀን የተናገርኩት...» አለች መንገድ ከገቡ በኋላ።

«እውነት ነው የተናገሩት። እንኳን መኪና፣ መንጃ ፈቃድም የለኝም። በሃያ ሦስት ዓመቴ ለፈተና ሄጄ የዓይን ምርመራው ላይ ጣሉኝ። ግራ ዓይኔ ከልጅነቴ አያይም። ከዚያ መጋዘን ገባሁ። ዕቃውን አውጥቼ እሰጣለሁ፤ ይገጥሙታል፤ ይሄዳሉ።»

ሐኪሟ ዘጠኝ ዓመት ጎረቤታቸው ናት። አንገታቸውን ወደ ግራ ዘወር አድርገው የሚያዩት ከኩራት ይመስላት ነበር።

ጋሽ ማንዋል እንደ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ ፊት ብቻ ያያሉ። አንድ መብራት አለፉ። ሁለተኛ አለፉ። መኪናው ውስጥ የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ሐኪሟ ዝምታው ከበዳት። ሰውየው ዳግመኛ ላይናገሩ ለራሳቸው ምለዋል መሰለኝ ብላ አሰበች፤ ያሰበችውም አስጨነቃት።

ቀኝ እጇን ከመሪው አንስታ ማርሹ ላይ ጣል አደረገች።

ጋሽ ማንዋል እጇን አዩ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እጇን ተደግፋ ክብደቷን ማርሹ ላይ ጫነች።

ጋሽ ማንዋል የአንገታቸውን ቁልፍ ነካ ነካ አደረጉ።

«ደህና ነዎት፣ ጋሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«የሚሉኝ ነገር ካለ...»

«ምንም የለም።»

ሐኪሟ ማርሹን በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀችው።

«ዶክተር!»

«አቤት!»

«እጅዎ!»

«እጄ ምን ሆነ?»

«ማርሽ እኮ የክንድ መደገፊያ አይደለም! ከሥሩ ሹካ የምትመስል ብረት አለች፤ እጅዎ በተጫነ ቁጥር እሷ ትፈገፈጋለች፤ ከተበላች ደግሞ ሙሉ ካምቢዮው ነው የሚወርደው! ይህችን ሹካ ለስንት ሰው አውጥቼ እንደሰጠሁ ያውቃሉ? ሁሉም እጃቸውን የሚያሳርፉ ናቸው። ሁሉም! አንድ የመንግሥት ሾፌር ነበር...»

ሐኪሟ እጇን መሪው ላይ መልሳ ፍጥነቷን ቀነስ አደረገች። የጎማ ጠጋኙ ቤት በስተቀኝ መጣ፤ በራፉ ላይ የተቆለሉት ጎማዎች አለፉ።

«ዶክተር፣ አለፍነው እኮ!»

«አይቼዋለሁ፤ አደባባዩን ዞረን እንመለሳለን» አለች። «ሾፌሩ ምን ሆነ?»