የአፈሙዝ ሊቁ ጋሽ አቢሶ

ሐበሻ ተሰዶ አሥር ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ፓስተር ሊጠፋ ይችላል፤ ፀጉር አስተካካይም ሊጠፋ ይችላል። ሁሉን አዋቂ ግን አይጠፋም። ሰውየው መኪና ሳይኖረው ሞተር ያውቃል፣ ሳያገባ ትዳር ይመክራል፣ የራሱ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፎበት የሌላውን የወረቀት ጉዳይ ይፈታል። አንድ ሕመም ብቻ አለበት፤ «አላውቅም» የሚለው ቃል ጉሮሮው ላይ ይቀረቀርበታል።

የእኛ ሰፈር፣ የጀፕስታውኑ ሁሉን አዋቂ፣ ክቡር ጄኔራል አቢሶ ይባላል። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን። እሱም አንድም ቀን «ኧረ ተዉ» ብሎን አያውቅም። ሥራው ብርድ ልብስ መሸጥ ነው። ሕንፃችን ድሮ ቢሮ ነበር አሉ፤ አሁን እያንዳንዱ ክፍል በጣውላ ተከፋፍሎ ሱቅ ሆኗል። እኔ ጫማ እሸጣለሁ፣ እሱ ከጎኔ ብርድ ልብሱን ቆልሎ ይቀመጣል። በመካከላችን ያለው ጣውላ ስስ ስለሆነ ስለ ሁሉም ነገር ያለኝን ዕውቀት ያገኘሁት በዚያ ጣውላ በኩል ነው።

እስከ ሎክዳውኑ ድረስ ጄኔራል አልነበረም። ከዚያ በፊት የናፍጣ ሞተር፣ ቀጥሎም የስኳር በሽታ ሊቅ ነበር። ሱቆች ተዘግተው ሁላችንም በየቤታችን ስንታጎር ግን ቤሪያ የሚባል ሰፈር ባለችው አንዲት ክፍሉ ውስጥ ስልኩን ይዞ ቁጭ አለ። ሌላው ሰው ዳቦ መጋገር ተማረ። አቢሶ የጦር መሣሪያ ቪዲዮ አየ። ሱቅ ሲከፈት ጢሙን አሳድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሙሉ ጄኔራል ሆኖ ወጣ። በሕይወቱ የያዘው ትልቁ መሣሪያ የብርድ ልብስ ማሰሪያ የሚቆርጥበት መቀስ ነው። «እኔ ሳልመረምር አልናገርም» ይላል። ከዚያ ይናገራል፤ ማንም አያስቆመውም።

የሕንፃው ጥበቃ ቬሊ የሚባል ረጋ ያለ የዙሉ ሰው ነው። ሁለት ሠራተኞች ያሉት ትንሽ የጥበቃ ድርጅት አለው፤ ከበሩ ላይ ግን ራሱ አይጠፋም። በዚያ ሰሞን የገቢውን ሁሉ ግንባር በሙቀት መለኪያ ይለካ ነበር። አቢሶ ጠዋት ሲገባ፣ መለኪያው ግንባሩ ላይ እንደተደገነ፣ «ክርንህን ሰብሰብ! ጣትህን ከቃታው ላይ አንሳ!» ይለዋል። ቬሊም በቋንቋው «ዬቦ፣ ጄኔራል»፣ እሺ ማለቱ ነው፣ ብሎ ክርኑን ይሰበስባል። ሰው ሰውን እንዲህ ሲታገስ ማየት እንዴት እንደሚያሳፍር የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ጫማዬን እየጠረግሁ አቀረቅራለሁ።

መቼም ላማው አልችልም። እኔ ኮቪድ ይዞኝ አልጋ ላይ በወደቅሁ ጊዜ በራፌን የረገጠ እሱ ብቻ ነው። የሾርባውን ዕቃ ደጄ ላይ አስቀምጦ ይወርድና መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ሦስተኛው ፎቅ ይጮኻል፤ «ዓብዩ! በግራ ጎንህ ተኛ! ግራ ሳንባ ጠንካራ ነው!» ጎረቤቱ ሁሉ በመስኮት ብቅ ብሎ ያየዋል። ማነው ግራ ሳንባ ጠንካራ ነው ያለው? አላውቅም። በግራ ጎኔ ተኛሁ።

ወደ ነገሩ ልምጣ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ መጀመሪያ ዘረፋ በዛ፣ እኛም ፈራን። የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ አብዱልጀባር ከቬሊ ጋር ተነጋገረ። ቬሊ በድርጅቱ ፈቃድ፣ በጠባብ ቦታ የሚያዝ፣ በርሜሉ አጠር ያለ ጠብመንጃ ሊያመጣ ተስማማ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚጠመዘዝ ቁራጭ ብረት አለ፤ ዓይነቱም ብዙ ነው። ቬሊ እንዲህ አለ፦ «እኔ ዕድሜዬን በሽጉጥ ነው የኖርኩት፣ ይሄን ነገር አላውቀውም። ሻጩ ሕንፃው ውስጥ ያሉት ሰዎች ይምረጡ ብሎኛል። የምትውሉበት እናንተ ናችሁ።»

ጄኔራሉ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ የበራውን ብርሃን ብታዩ፣ ልጁ ዶክተር ሆኖ የተመረቀለት አባት ይመስላችሁ ነበር።

ስብሰባው በአብዱልጀባር ጨርቅ መጋዘን ውስጥ ተደረገ። ሁላችንም ማስክ አድርገን፣ ተራርቀን፣ ጣቃ ላይ ተቀመጥን። አቢሶ መጥረጊያ ይዞ ገባ። እጀታው ጠብመንጃ መሆኑ ነው። ጫፉ ላይ የውሃ ላስቲክ ሰካበት።

«ምርጫው ሦስት ነው» አለ። «አንደኛው ብልጭታ መደበቂያ ነው። እሳቱን ይቀንሳል፤ ለጨለማ እንጂ ለእኛ አይሆንም። ሁለተኛው ሳይለንሰር ነው፤ ድምፅ ያፍናል።» እዚህ ላይ ቆም ብሎ አየን። «ወገኖቼ፣ እኛ ነፍሰ ገዳይ ነን? ተደብቀን ነው የምንተኩሰው? ጥበቃ መሰማት አለበት! ሦስተኛው ብሬክ ይባላል። ጠብመንጃው እንዳይዘል ጋዙን በጎንና በጎን ይተፋዋል። ድምፁ ግን… ድምፁ ብቻውን ሌባ ይበትናል። አንድም ሰው ሳይጎዳ!»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ያሳምናል። አንድም ሰው ሳይጎዳ የሚለው ቃል ሁላችንንም ገዛን።

መጋረጃ የምትሸጠው በለጥሽ ብቻ እጇን አወጣች። «ጋሽ አቢሶ፣ ኮሪደሩ እኮ ጠባብ ነው። ፎቅ ላይ ሰው ሲያስነጥስ ምድር ቤት ይሰማል። በጎን የሚተፋው ከአጠገቡ ያለውን ሰው…»

«እህት በለጥሽ» አላት፣ ሳትጨርስ። «አንቺ በመጋረጃሽ በርቺ።»

ሰው ሳቀ። በለጥሽ እጇን አወረደች። ቬሊ ምን እንደተባለ ባይገባውም የሳቀውን ሁሉ አይቶ ፈገግ አለ፤ ኋላም አቢሶ በሰባራ እንግሊዝኛውና በእጁ ምልክት ሲያስረዳው «ሹር፣ ጄኔራል፣ የምትለው ይሁን» አለ። ብሬኩ ተገዛ።

ከዚያ ጁላይ መጣ፤ ሰዉ በየከተማው ሆ ብሎ ወጥቶ ሱቅ እየሰበረ መዝረፍና ማቃጠል ያዘ። ከተማው ሲነድ ያየነው በስልክ ነበር። ኦሬንጅ ፋርም የሚባል ሰፈር ያሉ ወገኖቻችን ሱቃቸው ከነመደርደሪያው ተጭኖ ሲሄድ ቆመው እንዳዩ ሰማን። እኛም በማለዳ ተሰብስበን ዕቃችንን ወደ ላይ ፎቅ ማውጣት ያዝን። ረፋዱ ላይ ጩኸቱ በመንገዱ መጣ። የብረቱን መዝጊያ ከሥሩ አንስተው አጎበጡት። እጅ ገባ፣ ቀጥሎ ራስ ገባ።

ቬሊ ጠብመንጃውን ይዞ ኮሪደሩ መሐል ብቻውን ቆመ። ብቻውን አልኩ እንጂ ጄኔራሉ ጥቂት ራቅ ብሎ ከኋላው ነበር። ይህን ልመስክርለት፤ ሁላችንም ደረጃው ላይ ስንወጣ እሱ አልወጣም። 

«ቬሊ፣ ሰው ላይ አይደለም!» ይላል። «ብርድ ልብሱ ላይ! ብርድ ልብሴ ላይ ተኩስ!» በሩ አጠገብ የራሱ ቦንዳ ብርድ ልብስ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ነበር። ቬሊ ወደዚያ ዞረና አንድ ጊዜ ተኮሰ።

ድምፅ ነው ብዬ ልነግራችሁ አልችልም። ጥፊ ነበር። ከጣሪያው ኖራ ወረደ፣ አምፖሉ ረገፈ፣ ደረጃው ላይ ያለነው ተያይዘን ተቀመጥን። በመዝጊያው ሥር የገባው ራስ ወጣ። እጁም ወጣ። መንገዱ ላይ የሩጫ ኮቴ ሰማን፤ ከዚያ ጆሯችን ውስጥ ካለው ጩኸት በቀር ሁሉም ነገር ጭር አለ።

ሠራ! ሰውዬው የተናገረው ሠራ! እየጮህን ወረድን፣ አቢሶን አቀፍነው። አብዱልጀባር ግንባሩን ሳመው፤ የመራራቁን ሕግ ያስታወሰ የለም። ጄኔራሉ ከትከሻችን መሐል ወጥቶ ወደ ቬሊ ዞረና ማብራሪያውን ጀመረ። «አየህ? ጋዙ በጎን ሲወጣ… ያልኩህ አይደል? ድምፁ ብቻውን…»

ቬሊ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ጠብመንጃውን በጥንቃቄ አጠገቡ አስቀምጧል። አቢሶን ትክ ብሎ ያየዋል። ከዚያ እጁን ዘረጋና የአቢሶን ማስክ ቀስ ብሎ ወደ አገጩ አወረደው።

«እያወራህ ነው?» አለው።

 ያኔ ነው ከቬሊ ጆሮ ሥር የወረደውን ቀጭን የደም መስመር ያየነው።

 አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። በለጥሽ ሻሿን ፈትታ የቬሊን አንገት ጠረገች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም። ምናለ በተናገረች!

ግራ ጆሮው ጨርሶ ሄደ፤ ቀኙም ግማሹ ቀረ። በሆስፒታሉ ሰልፍ ላይ አብሮት የቆመው አቢሶ ነበር። ኮቪድ የሞላበት ሰልፍ ነው፣ ሰው ከዘመዱ ጋር እንኳ ለመቆም የሚፈራበት። ሐኪሟ በወረቀት እየጻፈች ለቬሊ ስታስረዳው አቢሶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ አስተጣጠብ ሥዕል ሲያይ ቆየ አሉ፣ መልሶ መላልሶ።

ሲመለስ ቀጥታ ወደ በለጥሽ ሱቅ ሄደ። ሱቋ ከእኔ በሌላው ጎን ስለሆነ በዚያኛው ጣውላ በኩል ሰማሁ።

«እህት በለጥሽ፣ ያን ቀን ልትይ የነበረውን… ጨርሺልኝ።»

«ምን ያደርግልሃል አሁን፣ ጋሽ አቢሶ?»

«ምንም። ሳልሰማው መቅረቴ ነው።»

እሷም ጨረሰችው። «ከአጠገቡ ያለውን ሰው ጆሮ ይጎዳል ልል ነበር» አለችው፣ ቀስ ብላ። እሱ አመሰገናትና መጥቶ ብርድ ልብሱ መሐል ተቀመጠ። በጣውላው በኩል ድምፅ አልመጣም። በማግሥቱም፣ በሳምንቱም አልመጣም። ሰው «ጄኔራል» ብሎ ሲጠራው አንገቱን ይደፋል፤ ስለዚህ መጥራቱን ተውነው። ለዓመታት ዝም ባለልኝ ያልኩት ሰው ዝም ሲል ሱቄ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ብታምኑም ባታምኑም ስለ ስኳር በሽታ ጠየቅሁት። «ሐኪም ጠይቅ» አለኝ። ጤነኛ ነገር ተናገረ። ማልቀስ ቃጣኝ።

ቬሊ ወደ በሩ ተመለሰ፤ ጠብመንጃው ግን በሌላ ሠራተኛ እጅ፣ ጫፉም ተቀይሮ። የቬሊ ችግር አሁን ሰው ነበር። ደንበኛ ይመጣል፣ በማስክ ሥር ያጉረመርማል፣ ቬሊ አይሰማም፤ አፍ አይቶ እንዳይረዳ አፍ የለም። ሰው ይበሳጭበታል። አንዱ ሰክሯል አለው።

አንድ ጠዋት አቢሶ ሱቁን ለእናትነሽ፣ ለእህቱ ልጅ፣ ሰጥቶ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱ ላይ ማስክ የለም፤ ከግንባሩ እስከ አገጩ የሚወርድ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ነው ያደረገው። ደንበኛው ሲናገር ያዳምጣል፣ ከዚያ ወደ ቬሊ ዞሮ ከንፈሩን አስፍቶ፣ ቀስ አድርጎ፣ የተባለውን ብቻ ይደግማል። ከራሱ አንድ ቃል አይጨምርም። ማንም ሰው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ አፉን አይከፍትም።

ቬሊ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያባርረው ሞክሯል። «ምፎዌቱ፣ ወንድሜ፣ ሂድ፣ ሱቅህን ክፈት። ቃታውን የሳብኩት እኔ ነኝ። የጆሮ መድፈኛው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ረሳሁት።» አቢሶ ይህንንም እስኪጨርስ አዳመጠው፤ ከዚያ አልሄደም።

እንዲህ ሆኖ ዓመቱ ወደ ማለቁ ደረሰ። አንድ ቀን ደንበኛ ጠፍቶ እኔም ወርጄ አብሬያቸው ቆምኩ። ቬሊ ስለ ሀገሩ እያወራ ነበር። እንደ ብዙ መስማት የተሳነው ሰው ድምፁ ከፍ ብሏል። እናቱ ስለምትወዳት አንዲት ቀይ ላም ነው የሚያወራው፤ ሆዷ ተነፍቶ፣ መብላት ትታ፣ መንደሩ ሁሉ ግራ ተጋብቶ። ወሬው ረጅም ነው። ቬሊ የሚያወራው እንደሚራመደው በዝግታ ነው።

የአቢሶን ፊት አየሁ። በፕላስቲኩ ውስጥ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ዋጠው። እንደገና ተንቀሳቀሰ። ላብ ጀመረው። ስለ ላም ሆድ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር እንዳየ ማወቅ ቀላል ነበር፤ ሰውየው በዕውቀት ሊፈነዳ ነው። እኔ ደግሞ በልቤ «ተናገር፣ አንተ ሰው፣ ምን አለበት» እላለሁ። እንዲህ ማለቴ ቬሊን ሳይ ያሳፍረኛል፤ ግን ብያለሁ።

ቬሊ ወሬውን አቋረጠ። ከንፈር ማንበብ ለምዷል።

«ምንድን ነው ጄኔራል? ተናገር።»

«ምንም። እኔ ላም አላውቅም።»

«ሃይቦ! ኧረ ተናገር አልኩህ።»

አቢሶ ወደ እኔ አየ፣ ወደ መሬት አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ በጣም ትንሽ በሆነ ድምፅ፣ ከንፈሩን ግን አስፍቶ፣ «ዘይት ቢያጠጧት… በግራ ጎኗም ቢያስተኟት… ይባላል» አለ።



«ማይ ፍሬንድ» አለው ቬሊ፣ «ላሟ ከሞተች እኮ ቆየች።»

ሳቁ ኮሪደሩን ሞላው። አቢሶ ፕላስቲኩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ፤ ትከሻው ይርገፈገፋል። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ ከቆምኩበት መለየት አልቻልኩም። ቬሊ ክንዱን ይዞ ይነቀንቀዋል፤ «እጅህን አውርድ፣ ምን እንደምትል አይታየኝም» ይለዋል።