የዳማ ዋስ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ትምህርቴም ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ቀኑን ከቀን፣ የአንዱን ንግግር ከሌላው ላምታታ እችላለሁ። ማክሰኞ ያልኩት ረቡዕ ሆኖ ቢገኝ አትፍረዱብኝ። ውሻው ግን ውሻ ነበር፤ ገመዱም ገመድ። በእነሱ አልሳሳትም።

ከክፉ ሰው መጠንቀቅ ቀላል ነው፤ በር መዝጋት ይበቃል። ከደግ ሰው መጠንቀቅ ግን እንዴት እንደሚቻል እስከ ዛሬ ያስተማረኝ የለም። ደግ ሰው ይጠይቃችኋል፤ መልሱን ግን አይሰማም፣ ለማዘን ይቸኩላላ። እኛ ሐረሮች ደግሞ፣ ራሴንም ጨምሬ፣ ደጎች ነን።

ነገሩ የተጀመረው ሐኪሙ ስኳሬን አይቶ “በእግርዎ ይሂዱ” ባለኝ ጊዜ ነው። እኔ ጠንቃቃ ነኝ። ደመና በሌለበት ቀን ዣንጥላ ይዤ የምወጣ፣ በር ከቆለፍኩ በኋላ ተመልሼ የምገፋ ሰው ነኝ። ስለዚህ ለጊዜው በግቢያችን ውስጥ ከበሩ እስከ ማድቤቱ መመላለስ ጀመርኩ። ባለቤቴ በላይነሽ ጥቂት ቀን ታገሠችኝና፣

“ሐኪሙ ሂድ ያለህ ከፊቴ ነው” አለችኝ።

ስለዚህ ዕረፍት ልወጣ ቆረጥኩ። ኮረብታ ኮረብታውን ወደ አወዳይ ሄጄ የእህቴ ልጅ ቤት አድራለሁ፤ በማግስቱ ወደ ሐረማያ ሐይቅ እዘልቃለሁ። ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሰው ሁሉ ተስፋ ከቆረጠበት በኋላ ተመልሶ መጣ። እኔም ሐሳቡን ሳይቀይር ልየው አልኩ። በላይነሽ ግን “ብቻህን ወድቀህ ብትቀርስ? ዳማን ይዘህ ሂድ” አለች። ዳማ ውሻችን ነው፤ በውሻ ዕድሜ ከእኔ ይበልጣል። ልጆቻችን ከቤት ከወጡ ወዲህ በላይነሽ “የኔ ጌታ” የምትለው እሱን ነው። እኔን ተሰማ ነው የምትለኝ። በሩ ላይ ገመዱን እያቀበለችኝ “ያለ እሱ እንዳትመለስ” አለች። እየሳቀች አልነበረም።

አጥር የሚለየን ጎረቤታችን አው ሙሜ ስንወጣ ቆመው አዩን። እኚህ ሽማግሌ ከዳማ ጋር የተጣሉት ገና በተወለደ በሳምንቱ ነው። የእሱ እርጥብ አፍንጫ ልብሳቸውን በነካ ቁጥር ከሶላት በፊት ማጠብ አለባቸው፤ እሱም የሳቸውን ሳል በሰማ ቁጥር ካልጮኸ አይሆንለትም። “ሐኪሙ ለውሻውም አዘዘለት?” አሉኝና ልብሳቸውን ሰብስበው ገቡ።

እንግዲህ ሌላ አገር ያላችሁ ይህን እወቁልኝ። በእኛ አገር ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ በገመድ ታስሮ አይንሸራሸርም። ያረጀ ውሻ በገመድ እየጎተተ ከከተማ የሚወጣ ሽማግሌ ከታየ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ለጅብ ሊጥለው ነው።

አንድ የባጃጅ ሾፌር ፍጥነቱን ቀንሶ “አባባ፣ ለጅብ ነው?” አለኝ።

“ለሽርሽር ነው።”

“ለጅቡማ ሽርሽር ነው!” አለና ሄደ።

ከዚያ በኋላ በየመንገዱ ያው ሆነ። አንዷ “ምን አጠፋ?” ትላለች፤ አንዱ “አቦ ተዉት፣ በራሱ ጊዜ ይሙት” ይላል። ሁሉም የመጨረሻው ነው እያሉ ለዳማ ዳቦ፣ አጥንት፣ አንዴም ሳንቡሳ ሰጡት። ስኳር ያለብኝ እኔ በባዶ ሆዴ ኮረብታ ስወጣ፣ ሞት የተፈረደበት ውሻ እያገሳ ይከተለኛል።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ደረስን። ውሃው ሰፊ ነው፤ ዳር ዳሩን የመስኖ ሞተር ይንደቀደቃል። አንዲት ሴት ሽንኩርት ታጥባለች። ዳማን አየች፤ ገመዱን አየች፤ እኔን አየች። “አባባ፣ የት ሊወስዱት ነው?” አለች። መልስ መስጠት ሰልችቶኝ ስለነበር “የትም” አልኳት። ከአፌ የወጣ መጥፎ ቃል ይህ ነበር። ገመዱን ከአንድ ግራር ጋር አጥብቄ ቋጠርኩ፤ ተመልሼ ጎተትኩት፤ ከዚያ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ተቀመጥኩ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ገመዱ አለ፤ ዳማ የለም። ቋጠሮው በሰው እጅ ተፈቷል። ሴትየዋም የለችም። ድምፄ እስኪዘጋ ተጣራሁ። በመጨረሻ ገመዱን ጠቅልዬ በሚኒባስ ተመለስኩ። ያለ ውሻ ሚኒባስ ይጭናል።

ገመዱን ለምን አልጣልኩትም ትሉኝ ይሆናል። ጠንቃቃ ነኝ አልኩ እኮ። ባዶ ገመድ በእጄ ይዤ ሰፈራችን ስገባ ግን ወሬው ቀድሞኝ ኖሮ፣ ሰላምታ የሚመልስልኝ ጠፋ። በላይነሽ ገመዱን ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። አው ሙሜ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

“ነጃሳ ነው ብያለሁ። ወላሂ ብያለሁ! ለጅብ ስጠው ግን መቼ አልኩህ?”

“አው ሙሜ፣ ሰረቁኝ እንጂ አልጣልኩትም።”

“ያንን ውሻ ማን ይሰርቃል?” አሉ። ቀጥለውም “ነገ አብረን እንሄዳለን። ለአንተ ብዬ ግን አይደለም” አሉ።

ሐይቁ ዳር ደርሰን ዳማን ጠራሁት። ዝም። በላይነሽ በምትጠራው ስም እንኳ፣ እያፈርኩ፣ ጠራሁት። ዝም። አቧራው ጉሮሯቸውን ያዛቸውና አው ሙሜ ሳሉ። ያን ጊዜ ከአንድ ጎጆ ጀርባ የምናውቀው ጩኸት አገሩን አናጋው። አው ሙሜ “አልሐምዱሊላህ፣ ይኸው ተሳደበ!” አሉ።

ሽንኩርት አጣቢዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ፋጡማ ትባላለች። ስታየኝ አንቱታውን ረሳችው።

“አንተ! ልትጨርሰው መጣህ?”

“የኔ እህት፣ ውሻዬ ነው፤ ለሽርሽር . . .”

“ሽርሽር! ዋስ ሳትጠራ አልሰጥህም። ከሞት ነው ያወጣሁት።”

ለውሻ ነፍስ ዋስ ከየት ይመጣል? አው ሙሜ ወደፊት ወጡ።

“እኔ ዋስ ነኝ።”

“አንተ ለውሻው ምኑ ነህ?”

አው ሙሜ ዳማን አዩት። ዳማ ጥርሱን አሳያቸው። “ጎረቤቱ” አሉ።

በአንድ ጭነት መኪና ኋላ ተሳፍረን ስንመለስ ዳማ እርጥብ አፍንጫውን በሳቸው ጉልበት ላይ ጥሎ ተኛ። “ሱብሓነላህ” አሉ፤ ግን አላነሱትም። በላይነሽ በሩ ላይ “የኔ ጌታ!” ብላ ስትሮጥ እኔም እጄን ዘርግቼ ነበር። በአጠገቤ አለፈች።

ከዚያ ወዲህ አው ሙሜ በየጠዋቱ አጥሩ ላይ ብቅ ብለው “አለ?” ይሉኛል። “አለ” እላለሁ። ዋስነት ቀላል አይደለም። ፋጡማም ገበያ በሚመጣ ሰው ሁሉ ትጠይቃለች። ለመጨረሻ ጊዜ ወሬዋን የሰማሁት በጥምቀት ማግስት ነው፤ ሽንኩርት የጫነ አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ።

“ፋጡማ ውሻው ደኅና ነው ወይ ብላለች። ዋሱንም ሰላም በሉልኝ ብላለች።”

“ስለ እኔስ?”

ሰውየው ጭነቱን አስተካከለ። “ስለ እርስዎ እንኳ” አለ፣ “ገመድ እንዳታስይዙት ብላለች።”