የቦራ ቀንድ

ሰው በመኪናው ይኮራል፣ በልጁ ዲግሪ ይኮራል። እኛ የይጁቤ ሰዎች ግን፣ አትፍረዱብን፣ የምንኮራው በበሬያችን ነው። በሬው ቢሞት እንኳ ኩራቱ አብሮት አይቀበርም። ይህ ጠባያችን አንድ ቀን ለጤናችን ይበጃል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም፤ ትሁን የምትባለው ነርሷ እህቴም እንኳ።

አባታችን አጋሚ ናቸው። ራሱን የሚያመው፣ ትከሻው የከበደው ሁሉ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ እኛ ደጅ ይቀመጣል። አባባ ቆዳውን በምላጭ ጫር ጫር ያደርጉና ቀንዱን ይደፉበታል፤ በጫፉ ቀዳዳ አየሩን መጥጠው በሰም ይደፍኑታል። ዋግምት ማለት ይኸው ነው። ያድናል አያድንም የሚለውን ለእናንተ ልተወው፤ ታግሞ ተነሥቶ "ቀለለኝ" ሳይል የሄደ ሰው ግን አላየሁም።

ችግሩ ቀንዱ አንድ፣ ጀርባው ብዙ መሆኑ ነው። ትሁን ከደብረ ማርቆስ በመጣች ቁጥር "አባባ፣ የአንዱ ደም ለሌላው ይተርፋል፤ እባክዎ ይተዉት" እያለች ትለምናለች።

"ከአባቴ የወረስሁት ቀንድ ማንን ገደለ?" ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ የትሁን ትዕግሥት አለቀ። ቀንዱን ሰርቃ፣ ጀርሙ ይሙት ብላ ድስት ውስጥ ቀቀለችው። ቀንድ ሲቀቀል እንደሚለሰልስ ኮሌጅ አላስተማሯትም መሰለኝ፣ ሲወጣ አፉ ተጣሞ ነበር። አባባ ጭናቸው ላይ ሞከሩት፤ አልያዘም። ደጁ በሰው ሞልቷል። አባባ አልተቆጡም። ትሁን አለቀሰች።

ይኼኔ ሊታገሙ መጥተው የነበሩት ጎረቤታችን ጋሽ ደረሰ ቤታቸው ሄደው፣ ገደል ገብቶ የሞተባቸውን የበሬያቸውን የቦራን ቀንድ ይዘው መጡ። አባባ ጫፉን በጋለ ወስፌ ቀደው፣ አፉን ሞርደው አገሟቸው። ተረኛው ሰውዬ ቀንዱን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ደረሰ ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

"የእኔ ቦራ የሰው ራስ ምታት አይጎትትም!"

"እኔስ በሬ አጥቼ መሰለዎት?" አለና ሰውዬው ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም የገዛ በሬውን ቀንድ ይዞ ይመጣል። በሰው ምላጭ መጫርም ነውር ሆነ። የትሁን ልመና ያቃተውን ኩራታችን በአንድ ቅዳሜ ጨረሰው። አባባም "ልጄ ናት ያስተማረችን" እያሉ ለገበያተኛው ሁሉ ያወራሉ። በሁለቱም ኮራሁ።

ባለፈው ሰሞን አንገቴ አልዞር ብሎኝ ሄድሁ። አባባ ገዝቼ ያመጣሁትን ምላጭ ከወረቀቱ እየፈቱ "ቀንድህስ?" አሉኝ።

መምህር ነኝ፤ ላፕቶፕ አለኝ፣ በሬ የለኝም። አንገቴ እንቢ ስላለ በሙሉ ሰውነቴ፣ አጠገቤ ወደተቀመጡት ወደ ጋሽ ደረሰ ዞርሁ። እሳቸው ግን ገና አፌን ሳልከፍት ጋቢያቸውን ጠበቅ አድርገው ነበር።