ግድግዳ ላይ የወጣው አልጋ

[ቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ በላይ ያለ ኮረብታ። መንገድ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ሥዕል የሚሥሉበት የበጎ አድራጎት ቤት። ውጭ ዝናቡ ያወርደዋል። ሃቪዬራ እዚህ የሥራ ልምምድ ከጀመረች ገና ሦስት ሳምንቷ ቢሆንም የማታውቀው ነገር የለም። ዛሬ እንግዶች ሥዕሎቹን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ልምምዷም ዛሬ ያበቃል፤ የምዘና ወረቀቷ ካልተሞላ ዩኒቨርሲቲው አያስመርቃትም። በሩ ላይ በተነጠፈ ሸራ ላይ ቆማ ጭቃዋን እየጠረገች ነው። ዶን ኦሬስቴ፣ ደጅ የሚያድሩ ሽማግሌ፣ እሷ ፍሬም አስገብታ ግድግዳ ላይ የሰቀለችውን ካርቶን ሊያወርዱ ይንጠራራሉ።]

ሃቪዬራ፦ እጅዎን ያንሱ! የጥበብ ሥራ በእጅ አይነካም!

ዶን ኦሬስቴ፦ ልጄ፣ ስምንት ወር ሙሉ በጀርባዬ ስነካው ማንም አልተቆጣኝም።

ሃቪዬራ፦ በጀርባዎ! [ትጽፋለች] «ሠዓሊው በገላው የሠራው...» ለመሆኑ ይሄ ሥራዎ ምን ይናገራል?

ዶን ኦሬስቴ፦ ሥራ? ሥራ ቢኖረኝማ ቤት እከራይ ነበር።

ሃቪዬራ፦ ኧረ መልእክቱን ነው የምልዎት!

ዶን ኦሬስቴ፦ እሱማ ተጽፎበታል። «ፍሪጅ፤ በዚህ በኩል ወደ ላይ» ይላል።

ሃቪዬራ፦ «ወደ ላይ»! የተረሳው ሕዝብ ጩኸት!

ዶን ኦሬስቴ፦ እኔ ግን ገልብጬ ነው የምተኛበት።

ሃቪዬራ፦ ዓመፅ! [በደስታ ትጽፋለች] ይሄ የተቦጫጨቀውስ?

ዶን ኦሬስቴ፦ እሱ ውሻዬ ነው። ጥርስ ሲያበቅል።

ሃቪዬራ፦ የጋራ ሥራ ነዋ! የባልደረባዎ ሙሉ ስም?

ዶን ኦሬስቴ፦ ካፒታን። የአባቱን ስም እናቱም የምታውቀው አይመስለኝም።

ሃቪዬራ፦ [ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው] አይ ዶን ኦሬስቴ! የራስዎን ትልቅነት አያውቁትም። ይሄ እኮ የመኖር ጥያቄ ነው።

ዶን ኦሬስቴ፦ እሱስ ልክ ነሽ፤ ዛሬ ምን ላይ ልተኛ ነው? ይልቅ ሥዕሌን የት አደረግሽው?

ሃቪዬራ፦ የምን ሥዕል?

ዶን ኦሬስቴ፦ ባሕሩን ነዋ! ትናንት በእጅሽ ሰጥቼሽ! ስድስት ወር ለፍቼበታለሁ። ዛሬ ሰው ሊያይልኝ ነው ብዬ ጺሜን ሁሉ ተላጭቻለሁ።

ሃቪዬራ፦ የሰጡኝ ሰማያዊ ቀለም የፈሰሰበት ሸራ ብቻ ነው። እሱንም አልጣልኩትም፤ የሚጠቅም ቦታ አግኝቼለታለሁ።

ዶን ኦሬስቴ፦ [እግሯን እያዩ] አያለሁ።

[የቤቱ ኃላፊ የሴኞራ ኢርማ እጅ ብቻ በጓዳው በር ብቅ ይላል፤ ወረቀትና እርሳስ ይዟል።]

የሴኞራ ኢርማ ድምፅ፦ ዶን ኦሬስቴ፣ የልጅቷን ምዘና ይሙሉልኝማ! እንግዶቹ ደረጃውን እየወጡ ነው!

ሃቪዬራ፦ የእኔን ምዘና? እርስዎ?

ዶን ኦሬስቴ፦ የቤቱ ደንብ ነው። ተለማማጅን የምንመዝነው እኛ ነን።

ሃቪዬራ፦ [ድምጿ ድንገት ማር ሆኖ] አባቴ! ምን አቆመዎት? ይቀመጡ እንጂ! እኔ እኮ ገና የመጣሁ ለት ነው የወደድኩዎት!

ዶን ኦሬስቴ፦ ፊደል ላይ ደካማ ነኝ። በሥዕል ብገልጸውስ?

ሃቪዬራ፦ ይሣሉት! ሥዕል የማነብ እኔ አለሁ አይደል?

[ዶን ኦሬስቴ አንዴ እሷን፣ አንዴ ወለሉን እያዩ ይሥላሉ። ሃቪዬራ ጸጉሯን ታስተካክላለች። ወረቀቱን ሲሰጧት እንደ ሊቅ አርቃ ታየዋለች።]

ሃቪዬራ፦ አቤት ጥልቀት! የማኅበረሰቡ ዕውርነት! ያን የመሰለ ባሕር ረግጣ ቆማ፣ አፏን ከፍታ ካርቶን ታደንቃለች! ሰው እንዲህ ይደነቁራል? ይቺ ቂል ማን ናት?

ዶን ኦሬስቴ፦ እኔ እንኳ እንዲህ ጨክኜ አልናገርም ነበር። አንቺ ካልሽ ግን ከታች ፈርሚበት፤ «የተለማማጇ ፊርማ» ይላል።