ከመድፉ ጋር የወጣው ሰው

ሙታን አንድ መልካም ጠባይ አላቸው፤ ስንጠራቸው «ሥራ አለብኝ» አይሉም። ሰልፍ ሲኖር ከፊት እናሰልፋቸዋለን፣ ቲሸርት ላይ እናትማቸዋለን፣ አቋማችንንም ሳይጠየቁ ይደግፉልናል። እኔ ደብረ ታቦር ላይ ታሪክ ሳስተምር የሸበትኩ ሰው ነኝና፣ በዚህ ነገር የለሁበትም ብላችሁ አትመኑኝ።

ክረምቱ እንደወጣ የቀድሞ ተማሪዬ ይትባረክና ጓደኞቹ ወደ ጋፋት ሰልፍ አሰናዱ። ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ነውና ቦታ አልቸገራቸውም፤ የቸገራቸው የሚፎክሩበት የአገር ልጅ ነበር። የጎረቤቴ የእማማ የሻረግ ቅድመ አያት መድፍ ጎታች እንደነበሩ ሲሰሙ እኔን አስቀድመው ቤታቸው ገቡ።

«ስማቸው ማን ነበር፣ እማማ?» አለ ይትባረክ።

«ገብረ ሚካኤል። የክርስትና ስሙ ነው፤ በጸሎት የምንጠራው በሱ ነው።»

ይትባረክ የፈረስ ስም ሲጠብቅ ኖሮ ፊቱ ጠቆር አለ። የባሰውም ቀጠለ። ለካስ ገብረ ሚካኤል መድፉን መንገድ ላይ ጥሎ ወደ እብናት ጠፍቷል፤ በሱ ፈንታ ታናሽ ወንድሙ ተይዞ፣ ተገርፎ ሞቷል።

«ሁለቱንም ይማር እያልነ ነው የኖርነ» አሉ እማማ የሻረግ። «እኔ ስሞት ደግሞ የሚላቸው የለም፤ ልጅ አልወለድሁ። ሕዝቡ ከተሰበሰበ አንድ ጊዜ ይበልልኝ።»

ይትባረክ ቃል ገባ። ንግግሩን የምጽፈው ግን እኔ ነበርኩ። «መምህር፣ መጥፋታቸውን እንዴት እናድርገው?» አለኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦ «ከመድፉ ጋር ወጣ፤ አልተመለሰም።» ውሸት አለበት? የለበትም። ይህን ያህል ዘመን ያስተማርኩት ለዚህ ኖሯል።

በሰልፉ ቀን ያቺ ዓረፍተ ነገር ስትነበብ ጭብጨባውና ፉጨቱ ጋፋትን አናወጠው። ቀጥሎ እማማ የሻረግ ማይኩን ተቀበሉ።

«ገብረ ሚካኤል ፈርቶ ጠፋ። ወንድሙ ወልደ ጊዮርጊስ በሱ ፈንታ ሞተ። ለሁለቱም ነፍስ ይማር በሉልኝ።»

ፉጨቱ ቆመ። ያ ሁሉ ሲፎክር የነበረ ወጣት አንገቱን ደፍቶ «ይማር» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። እንባዬ መጣ።

በማግስቱ የሰልፉ ቪዲዮ በየስልኩ ተለቀቀ። የኔ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተደግማለች። እማማ የሻረግ ግን ማይኩን ሲቀበሉ ይታያሉ፣ ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። ይትባረክን ብጠይቀው «መምህር፣ ጠላት ይጠቀምበታል» አለኝ።

እማማ የሻረግ ስልክ የላቸውም። እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ያዝ አደረጉኝ።

«ያ ቪዲዮ የምትሉት አገሩን አዳረሰ አሉ። እንግዲህ የሰማው ሁሉ ይማር እያለላቸው ነዋ?»

«አዎ፣ እማማ» አልኩ።

አማተቡ። «እንግዲህማ ብሞትም አላስብ» አሉኝ።