የአባባ ይመር ባቡር በጠረጴዛ ላይ

ጦርነት ሰውን ምን ያስተምረዋል ብትሉኝ፣ በሌላው አልገባም፣ መስማት ያስተምረዋል እላችኋለሁ። ድሮ እኮ የመርሳ ሰው ጆሮ ሥራ ፈት ነበር። ሰርግ ካለ ዘፈን ይሰማል፣ ሰርግ ከሌለ ሐሜት ይሰማል፤ ከዚያ ያለፈ ኃላፊነት አልነበረበትም። ግንባሩ ወልድያ ደርሶ ወደኛም ከዘለቀ በኋላ ግን በከተማው ያለ ጆሮ ሁሉ ዲግሪውን ጫነ። ጎረቤቴ እትዬ ዘሐራ የሬዲዮ ጣቢያ መቀየር እንኳ አይሆንላቸውም፤ ከሲሪንቃ ማዶ አንድ ነገር ሲያጓራ ግን አንገታቸውን ዘንበል አርገው ይሰሙና «ከባዱ ነው፤ ገና ሩቅ ነው፤ ወጡን አማስሉ» ይሉናል። አንድ ቀን ተሳስተው አያውቁም። ፈተና ብንቀመጥ እኔ የፊዚክስ መምህሩ ነበርኩ የምወድቀው።

የማወራችሁ ስለ አንድ ድምፅ ነው። ሰሚዎቹ እንዲህ ዓይነት ሰዎች እንደነበሩ ግን አስቀድማችሁ እወቁልኝ።

እንድሪስ የሚባል ጎረቤት አለኝ፤ ሬዲዮና ሞባይል ይጠግናል። ቀደም ሲል ሐራ ላይ የባቡሩ መስመር ሲዘረጋ የሲግናል ቴክኒሻን ነበር። መስመሩ የአባቱን የአባባ ይመርን ማሳ ለሁለት ሊከፍለው ሲል ሽማግሌውን ያግባባቸው ራሱ ነው። «አባባ፣ እሺ ይበሉ። ከደጅዎ ቁጭ ብለው ባቡር ሲመጣ ይሰማሉ» አላቸው። እሺም አሉ። ሐዲዱ ተነጠፈ፣ ሽቦው ተወጠረ፣ ባቡሩ ይመጣል ሲባል ጦርነቱ ቀድሞ መጣ። የአባባ ይመር ዓይንም በዚያው ሰሞን ከዳቸውና መርሳ ልጃቸው ቤት ገቡ።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ሳይመረቅ የሚጀመር ነገር የለም። ወፍጮ ይመረቃል፣ ባጃጅ ይመረቃል፣ መንገደኛም ሳይመረቅ እግሩን ከደጅ አያወጣም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ነን። የጦርነቱ ወሬ ከቀረበበት ከዚያ አረፋ ጀምሮ ግን አባባ ይመር ቤት ሙሉ ሰው መርቀው፣ እኔን ሳይቀር መርቀው፣ እንድሪስ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ያጥፋሉ። «አንተን ባቡሩ ሲመጣ» ይላሉ። ቁጣ የለ፣ ወቀሳ የለ። ሰው ይስቃል፤ እንድሪስም አብሮ ይስቃል። ሲስቅ ግን ዓይኑን ወዴት እንደሚያደርግ ይጠፋዋል፤ አጠገቡ ስለምቀመጥ አያለሁ። የማሳው ቂም ነው ብሎ ቆርጧል። እኔም ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብያለሁ።

ባቡር ማምጣት የሱ ሥልጣን አይደለም። ድምፁን ማምጣት ግን ይቻላል አለ።

ሐራ ላይ አብሮት የሠራ የውጭ አገር መሐንዲስ ሲሰናበት ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ የባቡር ሞዴል ከአጭር ሐዲድ ጋር ሰጥቶት ነበር። አብራ አንዲት ያልተገጠመች ጥፍር የምታህል ሰሌዳ ነበረች፤ ዲኮደር ይሏታል። ሥራዋ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪኩና ትእዛዙ ባንድ ሐዲድ አብረው ይላካሉ፤ እሷ ትእዛዙን ትፈታና ሞተሩን ሂድ፣ መብራቱን ብራ፣ ድምፅ ማጉያውን ጩኽ ትላለች። ድምፁ የእውነተኛ ባቡር ነው፤ እዚያችው ሰሌዳ ላይ ይጫናል። የጡሩምባው ጉልበት የራሱ ቁጥር አለው፣ ፍሬኑም የራሱ፤ ቁጥሩን ስትቀይሩ ባቡሩ ጠባዩን ይቀይራል። ክፋቱ ሰሌዳዋ አንድ ብቻ ናት። የሞተሩ ሽቦ በስሕተት የባቡሩን ብረት ከነካ ትቃጠላለች። «ከጨሰች ወላሂ ምትክ የለኝም» አለኝ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛው አጠገብ ማስነጠስ አቆምኩ።

መብራት ከጠፋ ወራት ሆኖታል። ጣሪያው ላይ ያለች ሶላር የሞተር ሳይክል ባትሪ ትሞላለች፣ ባትሪው የኔን ላፕቶፕ ያንቀሳቅሳል፣ ላፕቶፑ ለዲኮደሯ ድምፅ ያጎርሳታል። እንድሪስ እያንዳንዷን ሽቦ ሦስት ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ ይበይዳል። ትንሿ ድምፅ ማጉያ መጀመሪያ ስትሞከር የትንኝ ድምፅ አወጣች። ይሄኔ የመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን አምጥቶ ጀርባዋን በሙጫ አፈነው፤ አየሩ ሲታፈን ድምፁ ወፈረ። ይህን እኔ ለስንት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተምሬዋለሁ፤ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነው። እጁ ይባረክ!

የሙከራው ቀን አባባ ይመር ጥግ ላይ ተቀመጡ። እንድሪስ ቁልፉን ሲጫን ባቡሯ ጉሮሮዋን ጠራርጋ አጓራች። ናፍጣ ሞተር ሲነሳ ታውቁታላችሁ። ከግድግዳው ማዶ እትዬ ዘሐራ ከበር ኋላ ሁልጊዜ ታስሮ የሚቀመጠውን ጓዛቸውን አንስተው ወጡ፤ ሰፈሩም ተከተላቸው። «ታንክ ግቢ ውስጥ ገብቷል» ማለታቸው ነው። ሮጬ፣ ምዬ፣ ተገዝቼ መለስኳቸው።

አባባ ይመር ግን ንቅንቅ አላሉም። እስኪጨርስ ጠበቁና «ይሄ የድሬዳዋው ነው» አሉ። «በወጣትነቴ ተሳፍሬበታለሁ። የኛው በመብራት ነው የሚሄድ፣ ከብት አያስበረግግም ብለው በስብሰባ ነግረውናል። ደሞስ ሰው አይወርድበትም እንዴ?»

እኔና እንድሪስ ተያየን። እውነታቸውን ነው። ቴክኒሻኑ የዘረጋውን ሽቦ ረሳ፣ የፊዚክስ መምህሩም አላስታወሰው።

እንደገና ተጀመረ። መሐንዲሱ ከተወለት ፋይል ውስጥ የኤሌክትሪኩን እምምታ ፈልጎ አገኘ። ወራጁን ሰው ግን ከየት ያምጣ? በሞባይሉ ሰፈሩን መቅዳት ያዘ። መውረድ የማይፈልግ ሰው ጠፋ! አንድ የውርጌሳ ነጋዴ ከነፍየሌ ካልወረድኩ አልወርድም ብሎ ግማሽ ቀን አከራከረን፤ ወረደ፣ ከነፍየሉ። እትዬ ዘሐራ እንግዳ ተቀባይ እንዲሆኑ ተመደቡ። ልጃቸው መሐመድ ግንባሩ ሲቃረብ ከእኩዮቹ ጋር ሊዘምት እንደወጣ ወሬው የለም። ስልኩ ሲቀርብላቸው የተባሉትን ትተው «መሐመድዬ፣ መጣህልኝ?» አሉ። ይደገም ያለ የለም። እንድሪስ ስልኩን አጠፋና ወደ ውጭ ወጣ።

በዚህ መሃል ጦሩ ከኛ ሰፈር ለቀቀ፣ የደሴም መንገድ ተከፈተ። ከኮምቦልቻ የመጣ ሰው አዋሽ በኩል ለመስመሩ ቴክኒሻን እየተፈለገ ነውና ቶሎ ድረስ የሚል መልእክት ለእንድሪስ አመጣ። በሕይወቱ ሲጠብቀው የኖረው ሥራ ነው። «ሳልመረቅ የት እሄዳለሁ?» አለኝ፤ ተመልሶም የባቡሯን ክዳን ያጣብቅ ጀመር።

አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ ሁላችንም ተሰበሰብን። ባቡሯ እምም እያለች መጣች፤ ከሩቅ ጀምራ እየቀረበች፣ ፍሬኗ ሲጥ ብሎ፣ በሯ ተከፍቶ። ሰው ወረደ። ፍየሉ ወረደ። መጨረሻ ላይ የእትዬ ዘሐራ ድምፅ «መሐመድዬ» አለ። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

አባባ ይመር ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «እንድሪስ፣ ና» አሉት። «የሄድክበት ይቅናህ። ቃልህ መሬት አይውደቅ። ከክፉ ሰውም ከክፉ ቀንም አላህ ይጋርድህ። ወጥተህ ግባ።» አሚን አልን። እንድሪስ ጉልበታቸው ላይ ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የኔ አፍ መቼም ልጓም የለውም። «እንግዲህ የማሳው ቂም ወጣ ማለት ነው?» አልኩ።

«የምን ቂም ነው የምትለው፣ መምህር?» አሉ ወደ ድምፄ ዞረው። «ማሳው ለሰው መንገድ ከሆነ እሰየው ነው። ይሄ ልጅ ሳልመርቀው ከደጅ አይወጣም። ያኔ ብመርቀው ይዘምት ነበር።» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «የዘሐራን ልጅ የመረቅሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ዘሐራ ተነሥተው አጠገባቸው ሄደው ቁጭ አሉ።

ይኸውላችሁ፤ ስንት ወር ሙሉ የልጁን እጅ ሳደንቅ ዋናው ቴክኒሻን ጥግ ላይ ተቀምጠው ኖረዋል። ያለ ሶላር፣ ያለ ሽቦ፣ ባንዲት ዓረፍተ ነገር አንድ ወጣት ከጦርነት ከለከሉ። እኛም እንስቅ ነበር።

እንድሪስ በማግስቱ ሄደ፤ ስልክ ሲመለስ አዋሽ በሰላም መግባቱን ደውሎ ነገረን። ባቡሩ እስካሁን ሐራ አልመጣም። መሐመድም ወሬው የለም። እኔ ግን ሳላስበው የባቡር ነጂ ሆኛለሁ፤ ዐስር ሲደርስ እትዬ ዘሐራ ይመጡና ከአባባ ይመር ጎን ይቀመጣሉ፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ እሳቸው ከተቀዳው ድምፃቸው ቀድመው ልጃቸውን ይጠሩታል።