በቁጥር የወጣ፣ በጆንያ የተመለሰ

እኛ ዕቃ መቀበል ይሆንልናል። አዲስ ኮምፒውተር መሥሪያ ቤት የገባ ቀን ካርቶኑ ሳይከፈት እናጨበጭባለን፤ የማን ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ በሚልም ሳምንት እንኳረፋለን። ዕቃው ሲሞት ግን አውቀዋለሁ የሚል ይጠፋል። ሰው ሲሞት ፍትሐት አለው፣ ዕድር አለው፤ ለሞተ ኮምፒውተር ያለው የኮሪደር ጥግ ብቻ ነው። በእኔ አትሳቁ። እስቲ መሳቢያችሁን ከፈት አድርጉና የማይሠራውን ሞባይል ቁጠሩት።

መሐል ሜዳ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነኝ። የችግኝ፣ የእርከን፣ የመጸዳጃ ቤት ዕቅድ ስጽፍ ፀጉሬ ሸብቷል። አምና ደግሞ ያገለገሉ ኤሌክትሮኒክስ የሚወገዱበትን ዕቅድ አዘጋጅ ተባልኩና ደብረ ብርሃን ለሥልጠና ተላክሁ። አሠልጣኙ «አትጣሉ፣ አታቃጥሉ፤ ፈታታችሁ በየዓይነቱ ለዩ፣ መኪና መጥቶ ይወስደዋል» አለን። ጻፍኩ፤ አሰመርኩበትም። ተመልሼ ባናዬን ደረብኩና (የመንዝ ብርድ ብረት በባዶ እጅ አያስነካም) ካቻቢቴ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥኩ። የሞቱትን ኮምፒውተሮች ፈታታሁና ፕላስቲኩን በአንድ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ብረቱን በሌላው፣ አረንጓዴውን ሰሌዳ በሦስተኛው ከተትኩ። ሽቦው የት ደረሰ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ገበያ ላይ በግ ታስሮበት አይቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ከወረቀት ወጥቶ ያየሁት ዕቅድ ይህ ብቻ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር።

መኪናው እስካሁን አልመጣም።

በዚህ መሐል ለመዝገብ ቤቷ ለወይዘሮ አስካለ ወደ ደብረ ብርሃን ዝውውር መጣላት። ልጇ እዚያ ከአያቷ ጋር ነው የምታድገው። አሁን የአያትየው ዓይን ደክሞ፣ የሰባት ዓመቷ ልጅ አያቷን እጇን ይዛ መምራት ጀምራለች። አስካለ ይህን ዝውውር ለዓመታት ስትለምን ኖራለች። ደብዳቤው ሰኞ ጠዋት ሥራ ካልጀመረች ቦታው ለሌላ ይሰጣል ይላል፤ ዕለቱ ዐርብ ነው። የቀራት የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የጋሽ ሸዋረጋ ፊርማ ብቻ ነበር።

ጋሽ ሸዋረጋ የንብረት ካርዷን አወጡ።

«በስምሽ አንድ ኮምፒውተር አለ፣ ልጄ። አምጪው።»

«ከሞተ ቆየ እኮ፣ ጋሼ።»

«ቢሞትም ዕቃ ነው።»

አስካለ ዞር ብላ አየችኝ። ሦስቱንም ጆንያ እየጎተትኩ አቀረብኩ።

«ይኸው፣ ጋሽ ሸዋረጋ፤ እዚህ ውስጥ አለ።»

«የትኛው ውስጥ?»

«ሦስቱም ውስጥ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ባለሙያው፣ እኔ በቁጥር ነው ያወጣሁት። በጆንያ አልረከብም።»

ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ከእሳቸው በፊት የነበረው ሰውዬ በአንድ ጎዶሎ የጽሕፈት መኪና የተነሳ ጡረታ ከወጣ በኋላ እንኳ ለጥያቄ ስንት ጊዜ ተመላልሷል። ፍርሃታቸው ይገባኛል።

እናም የፈታሁትን ልገጥም ተቀመጥኩ። ጆንያዎቹን ወለሉ ላይ ዘረገፍናቸው። ቁጥር የተለጠፈበት ሽፋን ተገኘ፤ ሆዱ ግን የማን እንደሆነ ማን ይወቀው? አንዱ ሰሌዳ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል፤ ብሎኑ አይገጥም። አስካለ ዕቃውን ጭኗ ላይ ይዛልኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ቆርቆሮ ነው ከልጄ የሚያስቀረኝ?» አለች። አፈርኩ፤ እውነቴን ነው። ዕቅዴ ላይ «ፈጻሚ አካል»፣ «የጊዜ ሰሌዳ»፣ «ምርመራ» የሚሉ ዓምዶች አስምሬ ነበር፤ አስካለ ግን የትኛውም ውስጥ የለችም።

የገጣጠምነውን ወሰድንላቸው። ጋሽ ሸዋረጋ አንስተው ነቅነቅ ሲያደርጉት ውስጡ ተንኳኳ።

«አልተሟላም» አሉ። አስካለ ማልቀስ ስትጀምር ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሌላ ሠራተኛ ስም ቢዛወር... የሚፈርም ከተገኘ።»

በሩ ላይ ቆሞ ሲያየን የነበረው ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ በዛበት። የፈታሁት እኔ ነኝና ፈረምኩ። አስካለ ጉንጬን ስማኝ ወጣች፤ ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄደች።

ወሬ እግር አለው። በሳምንቱ ጡረታ የሚወጣው ሾፌር የሞተ ፕሪንተሩን ካርድ ይዞ መጣ፤ ቀጥሎ የሒሳብ ክፍሏ፣ ቀጥሎ ሁለቱ የግብርና ባለሙያዎች። «ለአስካለ ፈርመህ ለእኛ?» አሉኝ። ለሁሉም ፈረምኩ። ደክሞኝ ነበር፤ መፈረም ከመከራከር ይቀላል። ከዚያ ዕቅዴ ጸድቆ፣ ከምስጋና ጋር ተመለሰ። ከታች አንዲት መመሪያ ታክላበታለች፦ ማንኛውም ዕቃ ከመወገዱ በፊት በስሙ የተመዘገበለት ሠራተኛ የተሟላ አድርጎ ለንብረት ክፍል ይመልስ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሠራተኛው እኔ ነኝ።

ባለፈው አስካለ ደወለች። እናቷን ዓይን ሐኪም ጋ አድርሳ መመለሷ ነው፤ ልጅቷ አጠገቧ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ እርስዎስ ወደዚህ አይዛወሩም? ብርዱ አልሰለችዎትም?» አለችኝ።

«ሰልችቶኛል» አልኳት። «ግን አስካልዬ፣ እኔን ማን ይረከበኛል?»